ደሜ አላውቃትም ቢልም

ትርሲትዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ ከሁለታችን እንዴት ነህ መባል ያለበት እኔ ነኝ። ከተለያየን ዓመት ሊሆነን ነው። ዘመድ አዝማዱ ለሙት ዓመትሽ ድንኳኑ የት ይተከል፣ በሬው መቼ ይገዛ እያለ ሲመክር ሰንብቷል። እኔ ደግሞ ሙት ዓመት የሚባለው ነገር ራሱ ያናድደኛል። ሙሉ በሙሉ ሞተሽ ቢሆን ደግ። ግራ ኩላሊትሽ እዚህ ሆዴ ውስጥ፣ በስተቀኝ ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ፣ ይህን ደብዳቤ ስጽፍልሽ እንኳ ሥራ ላይ ነው። ሥራ ላይ ላለ ሰው ተዝካር ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

የቤቱን ልንገርሽ። የሰሚት ኮንዶሚኒየማችን ውሃ ዛሬም በፈረቃ ነው። በረንዳው ላይ ያሉት አበቦችሽ ግማሾቹ ደርቀዋል፤ የቀሩት እኔን ለማናደድ ይመስል ፈክተዋል። ሃያ ሁለት ያለውን የመጋረጃ ሱቄን አልዘጋሁም። ጠዋት ሚኒባስ ስሳፈር ክርኔን ሆዴ ላይ አጥፌ ነው የምቀመጠው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል እኔ ንቅንቅ አልልም። አንድ ቀን «ሁለት ሰው ነኝ» ስለው «እንግዲያው የሁለት ሰው ክፈላ ፋዘር!» አለኝ። ከፈልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ እየተኛሁ ስነሳ የከረምኩበትን ጊዜ አትረሺውም። ዘመዶቼ ኩላሊት ሊሰጡኝ ተመርምረው አልሆን ሲል አንቺ ሳትነግሪኝ ሄደሽ ተመረመርሽ። ይሆናል ሲሉሽ፣ እኔ አይሆንም ብዬ ሦስት ቀን ኮረፍኩ። አንቺ ማኩረፌን እንደ ቁም ነገር አልቆጠርሽውም። ሶፋው ላይ አስቀምጠሽ፣ ለአስረኛ ክፍል ተማሪዎችሽ ባዮሎጂ እንደምታስተምሪው አስተማርሽኝ። እያንዳንዱ ሴል መታወቂያውን ላዩ ላይ ለጥፎ ነው የሚኖረው አልሽ። ነጭ የደም ሴሎች እንደ ኮንዶሚኒየማችን ጥበቃዎች እየዞሩ መታወቂያ ያያሉ፤ የግቢው ሰው ከሆነ ያሳልፋሉ፣ ጀርም ከሆነ አንቀው ይይዛሉ። የኔ ኩላሊት አንተ ጋ ሲገባ ግን መታወቂያው የሌላ ግቢ ነውና ጠላት መጣ ብለው ይነሱበታል፤ ባልና ሚስት መሆናችንን አያውቁም፣ የጋብቻ ወረቀትም አይቀበሉም አልሽኝ። ዕድሜ ልኬን በየቀኑ የምውጠው መድኃኒት ጥበቃዎቹን ለማደንዘዝ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የገዛ ደሜ ማን ሆኖ ነው ሚስቴን በር ላይ የሚያቆመው?

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተኛንባቸው ክፍሎች ጎን ለጎን ነበሩ። ነርሷን ልከሽ «ኩላሊቴ ሸናልህ ወይ?» ብለሽ ያስጠየቅሽኝን መቼም አልረሳውም። በሕይወቴ የተጠየቅኩት ትልቁ የፍቅር ጥያቄ እሱ ነው።

ከዚያ ዓመታት አለፉ፤ አንቺም አስተማርሽ፣ እኔም መጋረጃ ሸጥኩ፣ ልጅ ባይሰጠንም ደህና ኖርን። ታዲያ አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄጂ፣ አስፋልት ስትሻገሪ፣ አንድ የሚክለፈለፍ ሹፌር ገጨሽ። ያለቀው እዚያው ነው። ለቅሶው ላይ ግን ሰው ሌላ ምክንያት አገኘልሽ። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ አንዷ ለሌላዋ «በአንድ ኩላሊት ምን ጉልበት ኖሯት ትሩጥ? ለሱ ሰጥታ እኮ ነው» ስትል ሰማሁ። ብድግ አልኩ። «መኪናውስ ስንት ኩላሊት ነበረው?» አልኳት። ሐዘን አዞረው ተባለ። አላዞረኝም ትርሲትዬ፤ ያን ቀን ከዚያ ድንኳን ውስጥ ደህና ሰው እኔ ነበርኩ። ማስክ አድርጌ፣ ልሳም አልፈልግም ብዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሐዘንተኛ ስቀበል ደግሞ «ኮራብን» አሉኝ። ይበሉ። የሁሉን ሰው ጉንፋን ተቀብዬ ያንቺን ኩላሊት ላስበላ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ካንቺ በኋላ እህቴ አልማዝ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ እኛ ቤት ገባች። አልማዝን ታውቂያታለሽ፤ ፍቅሯን በማንኪያ ካላጎረሰች አይሆንላትም። ከስቻለሁ፣ ፊቴ ገርጥቷል። ይህ ከተማ ከኮሮና ወዲህ ለሁሉም ነገር አንድ መድኃኒት ነው የሚያውቀው፤ «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» የተባለ ሁሉ ይዋጣል። ሐዘን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ አንዱ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ሌላው ዝንጅብል፣ ሌላው የሺፈራው ቅጠል ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ «የኔ ኢሚዩኒቲ እንዲጨምር አይፈለግም፣ እንዲተኛ ነው የሚፈለገው» ብል ማን ይሰማኛል? ሰውነቱ እንዲበረታ የማይፈልግ በሽተኛ አይተው አያውቁማ። አልማዝም እሺ አለችኝ፤ እሺ ብላ ግን ጥቁር አዝሙድና ሌላ ስሙን የማላውቀው ቅጠል እየቀመመች በማር ለውሳ ሻዬ ውስጥ ታደርግልኝ ነበር። ሻዩ ጣፈጠ ብዬ አመስግኛታለሁ።

ለተለመደው ምርመራ ስሄድ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ክሬቲኒን የሚሉት፣ ደሜ ውስጥ ጨምሮ ተገኘ። ከኩላሊትሽ ላይ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ሰውነቴ ኩላሊትሽን ማጥቃት ጀምሯል። ሐኪሙ ምን ስወስድ እንደከረምኩ ሲጠይቅ፣ አልማዝ አጠገቤ ቆማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሱም ይሄ ነው ምክንያቱ ብሎ እርግጡን መናገር እንደማይችል፣ ግን እንዲህ ያለው ነገር መድኃኒቱን ሊያዛባ እንደሚችል፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይለመድ ነገረን። አልተቆጣኋትም። ከልቧ ወዳ ያደረገችውን ምን ብዬ ልቆጣት? የተቆጣሁት በራሴ ደም ነው። ስንት ዓመት አብረሽው ኖረሽ፣ ስንት ጊዜ አጣርተሽው፣ አሁን ደግሞ ማን ነሽ ይልሻል?

አልጋ ያዝኩ። በጉሉኮስ መስመር ለተከታታይ ቀናት ጠንካራ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ፊቴ አበጠ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ ጠፋ። ላይሳካም ይችላል አሉኝ። ካልተሳካ ወደ እጥበቱ ማሽን መመለስ አለ፤ ለኔ ግን ማሽኑ አይደለም ያስፈራኝ። አንቺን ሁለተኛ መቅበር ነው። አንዴ ቀብሬሻለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብርሽም፣ ጨርሶ አላደርገውም ብዬ ጣሪያውን እያየሁ ስዝት ያየኝ ሁሉ የሚጸልይ መስሎት «አሜን» ይል ነበር።

አንድ ጠዋት እናትሽ እማማ ዘነበች መጡ። እውነት ልንገርሽ፣ እሳቸውን ማየት ፈርቼ ነበር። ያ የለቅሶ ቤት ወሬ እሳቸውም ልብ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ገቡ፣ ወንበሩን ሳቡ፣ እኔን ሳይሆን ብርድ ልብሱን ሆዴ ላይ አዩት። ከዚያ «ልጄ እንዴት አደረች?» አሉኝ። እንደምንም ብዬ «ደህና አድራለች እማማ፤ ሌሊቱን ሁሉ ስትሠራ ነው ያደረችው» አልኳቸው፣ የሽንት ከረጢቱን እያሳየሁ። «እሷ ድሮም እንቅልፍ አታውቅ፤ ደብተር ስታርም ነበር የምታነጋው» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እየመጡ ያንኑ ይጠይቁኛል፤ የኔን ጤና አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም፣ እኔም ደስ ይለኛል።

ክሬቲኒኑ ወረደ። ድሮ ወደነበረበት አልተመለሰም፤ ቁስሉ ጠባሳ ትቷል ብለዋል። ግን ኩላሊትሽ አለ፣ ይሠራል። የሙት ዓመትሽ ድንኳንም ቀረ። እማማ ዘነበች ዘመዱን ሰብስበው «ልጄን ተሰብስባችሁ ልታስሉባት ነው?» ብለው ገላገሉኝ። ጠበል ጸዲቁ ቦሌ መድኃኔዓለም ለነዳያን ይሆናል። ምግቡን አልማዝ ትሠራለች፤ እኔ ማስኬን አድርጌ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ኮራ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ኮርቻለሁ።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ግን አንድ ነገር ነገረኝ። ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ሥራቸው ማስታወስ የሆነ አሉ፤ አንዴ ጠላት ነው ያሉትን እስከ ዕድሜ ልክ አይረሱትም፤ ክትባትም የሚሠራው በነሱ ነው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ደሜ ውስጥ አንቺን የሚያስታውሱ አሉ ማለት ነው፤ በክፉ የሚያስታውሱሽ፣ መድኃኒቱ የሚዘገይበትን ቀን እያደቡ የሚጠብቁ። ሰው ለሞተች ሚስቱ አልረሳሽም ብሎ ቃል ይገባል። እኔ ደግሞ ጠዋትና ማታ እንክብሌን ውጬ ደሜ እንዲረሳሽ አደርጋለሁ ብዬ ቃል እገባልሻለሁ። አልረሳም ካለም አፉን አስይዘዋለሁ። አንቺን ማስታወስ የሱ ሥራ አይደለም፤ የኔ ነው፣ ለማንም አላካፍለውም።

ያንቺው ግትር፣
ግርማ