በዝግኒ ላይ ስለተጠጣው ቀላል ቢራ እና ስለ ባለቤቴ ዓይን

ለተከበሩ አቶ ዘርዓይ፣ የሠፈራችን አስተዳዳሪ፤
ዓባ ሻውል፣ አስመራ

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ቀኝ እጅዎ እንዴት ሆነች? በጠርሙሱ ስብርባሪ ተቆርጣ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ባለቤቴ አስገዶም እንደሆነ የተተረተረው ግንባሩ ብቻ ነው። ደብዳቤዬን እርስዎ ባሸጉት የባራችን በር ላይ መለጠፌን፣ በአማርኛም መጻፌን ይማሩኝ፤ ትምህርት ቤት እጄ የለመደው እሱን ነው።

፩ኛ፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባራችንን ሲያከብሩ፣ ይህ ቢራ ቀላል ነውና ከምጽዋ ዓሣ ጥብስና ከሎሚ ጋር፣ ካልሆነም ከተቀቀለ ሽምብራ ጋር ቢወስዱት የገብሱ ጣፋጭነትና ለስለስ ያለው ምሬቱ እንደሚታወቅዎ በትሕትና ነግሬዎት ነበር። እርስዎ ግን በርበሬው የሚያስለቅስ የዝግኒ ወጥ ሁለት ሳህን አዘዙ፣ ላብዎ እስኪንጠባጠብ በሉ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ቢራው ውሃ ነው አሉ። ከዚያ ዝግኒ በኋላ እኮ አረቄም ቢጠጡ ውሃ ይመስልዎታል!

፪ኛ፦ ለእኛ ነጻነት ሲታገሉ በረሃ ላይ ስንት ዓመት ተጠምተዋል፤ ይህን የሚክድ ከሀዲ ነው፣ የቐንየልና፣ እናመሰግናለን። ከተመለሱም ወዲህ በየሠርጉ የሚቀዳልዎት ድፍርስ የሱዋ ጠላ ስለሆነ ቀላል ቢራ ባያውቁ አይፈረድብዎትም። የተፈረደበት አስገዶም ነው፤ በውሃ አቅጥኖታል ተባለ። ወይ ጉድ! ቆርኪውን በጥርስዎ የነቀሉት እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ? መቼ አቀጠነው፣ በጸሎት ነው?

፫ኛ፦ ሙሉ ጠርሙስ ግንባሩ ላይ ሰበሩበት፤ ሲወድቅ ሁለቱ ጠባቂዎችዎ ጎኑን በጫማ ረገጡት፣ ፍሪጁን በሰደፍ አደቀቁት፣ እኔንም በጸጉሬ ጎትተው ደጅ ጣሉኝ። በሩ ከመታሸጉ በፊት የባሌን ደም ከወለሉ እንድጠርግ ስለፈቀዱልኝ ውለታዎን አልረሳም።

፬ኛ፦ ለማስረጃ ብለው የወሰዷቸው ሁለት ሣጥን ቢራዎች ሮብ ዕለት ባዶ ጠርሙሳቸው ከጽሕፈት ቤትዎ ጓሮ ታየ። ለውሃ እንዲህ መስገብገብ!

ልመናዬ አንድ ነው። አስገዶም በማቆያዎ ውስጥ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ቁስሉን ያሰረለት ድሬሰር ዓይኖቹ ውስጥ ስብርባሪ ስለገባ ቶሎ ሆስፒታል ካልደረሰ እንደሚታወር ጽፎልኛል፤ ወረቀቱን ጸሐፊዎ ተቀብሎ የሻሂ ብርጭቆ አስቀመጠበት። ፍርዱ ይቆይ፣ እሥሩም ይቆይ፤ እባክዎ መጀመሪያ ዓይኑን ያሳክሙልኝ።

ዕድሜና ሥልጣን ያብዛልዎ እያልኩ፣ ደጅዎ ላይ መቆም የማይሰለቸኝ፣ ነጻ ካወጧቸው ዜጎች አንዷ፣

ላቀች ተወልደመድኅን

ማሳሰቢያ፦ ይህን ከፈረምኩ በኋላ ጠባቂዎ የአስገዶምን ምሳ ሳይነካ መለሰልኝ። ሳህኑ ፊቱ ተቀምጦለት አላየውም አሉ። ታዲያ ምስክር ጠፋ ብለው እንዳይደሰቱ፤ የእኔ ዓይኖች ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እሑድ ዕለትም ከእርስዎ ላይ አልተነሡም።