ዕቃ ቤት መስኮት አያሻውም ላላችሁን

ለተከበረው የሕንፃችን ቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ፣
ብራዚሊያ

ጤናችሁ የተሟላ፣ ቢሮአችሁ ነፋሻ፣ መስኮታችሁም ሰፊ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሊፈርስ የነበረውን ሕንፃችንን አድናችሁ ቅርስ ስላደረጋችሁት አመሰግናለሁ። እንዲድን ፊርማ ያሰባሰብኩት፣ ታሪኩንም በመጽሐፍ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ቅሬታዬን ከማን እንደምጀምር አላውቅም። ምናልባት ከራሴ።

አንደኛ፤ ሕንፃው ወደ መጀመሪያ መልኩ ይመለስ ብላችሁ ስላዘዛችሁ፣ ከወጥ ቤቴ ጀርባ ያለችው ክፍል መስኮት በጡብ ሊደፈን ነው። ክፍሏ የዙሌይዴ ናት። እናቴ ቤት በሠራተኝነት ገብታ እኔን ያሳደገች፣ ዛሬም እዚያችው ክፍል የምትተኛ። መስኮቱን የከፈተላት ወንድሟ ቫልዴሚር ነው፤ የሕንፃው ኃላፊ ለካርኒቫል በዓል ከከተማ በወጣበት ሰሞን፣ የሰፈሩ ከበሮ የመዶሻውን ድምፅ እየሸፈነለት።

ሁለተኛ፤ አቤት ብል «በንድፉ ላይ ክፍሏ ዕቃ ቤት ናት፤ ዕቃ ቤት መስኮት አያሻውም» ስትሉ በትሕትና መልሳችሁልኛል። እውነት ነው። ሕጉ ሰው ለሚተኛበት ክፍል መስኮት ያዝዝ ስለነበር፣ የተከበሩት ነዳፊዎቻችን አንድ አልጋ ብቻ የምታስገባውን ክፍል ዕቃ ቤት ብለው አለፏት። እኔም በመጽሐፌ እንዲሁ ጠራኋት። ስለ ቀጫጭን አምዶቹ አንድ ምዕራፍ። ስለ ብርሃኑ ሌላ ምዕራፍ። እሱን ስጽፍ ዙሌይዴ ከግድግዳው ወዲያ ታስል ነበር።

ሦስተኛ። ሦስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ትዕዛዛችሁን ሳነብላት ጠፋብኝ። ዙሌይዴ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝና «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ስለዚህ ቤት ስትጽፊ እኔ የት የምተኛ መስሎሽ ነበር?» አለችኝ። ቀጥላም፦ «በይ አሁን አታልቅሺብኝ፤ ሩዙ እያረረ ነው።»

የዘመናዊ ኪነ ሕንፃችንን ታሪክ እንደገና እንመዝን ብላችሁ ለጠራችሁት ጉባኤ መጽሐፌን ስለመረጣችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጡት ቀሎ ቢገኝ አትደነቁ፤ አንድ ሰው ጎድሎበታል። መስኮቱን ግን ተዉላት።

ለብርሃን ያላችሁን ፍቅር እያደነቅሁ፣ አንገቴን ደፍቼ፣
ኤሎይዛ ታቫሬስ
የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የሕንፃው ታሪክ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ግንበኛውን ስትልኩ መዝጋቢም አብሮት ይምጣ። በቅርስ ዕቃ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ቁጥር ሊሰጠው ይገባልና፣ ዙሌይዴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃችኋለች። ይህንንም ጻፊልኝ ብላለች፦ «ዕቃ ከሆንኩማ መጥተው አቧራዬን ያራግፉልኝ፤ እኔ የነሱን ሳራግፍ ነው ያረጀሁት።»