አዩብ የመለሰው ልጅ

መካነ ሰላም
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሱሀይላ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ስልኬን ስለማታነሺ ይህን ወረቀት ወደ ኩዌት ለምትመለሰው ለኡምኩልሱም ሰጥቻታለሁ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

በመጨረሻ መልእክትሽ «ቀኑን ንገሪኝ፤ ያን ከአዩብ ጋር በልጅነታችን ያየነውን ፊልምም ላኪልኝ። ሌላ ወሬሽን አልፈልግም» ብለሽኛል።

ወንድምሽ ያረፈው ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ብርድ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ጎረቤታችን ይሄነው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገባ። እንደ ወትሮው ከበር ጀምሮ አልቀለደም። ያኔ ገባኝ። ከደሴ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና አቀስታ ሳይደርስ ተገልብጦ ኖሯል። ማታ ደውለሽ «አዩብስ?» ስትዪኝ «ደሴ ነው፤ ኔትወርክ የለም» አልኩሽ። ሰው አገር፣ ደግፎ የሚይዝሽ በሌለበት፣ እንዴት ላርዳሽ? ነገ ነገ እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። ከሌላ ሰው ሰማሽ። ዋሽቼሻለሁ፤ እውነትሽን ነው።

ፊልሙን ይሄነው ከድሮ ቪዲዮ ቤቱ ሲዲዎች መሀል ፈልጎ አገኘው። እኔ ከአዩብ አፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው ስለማላውቅ፣ ከመላኬ በፊት አብረን አየነው። ያ በብረት መርከብ ወደ ኮከብ የሄደ ልጅ ራሱ ላይ የደፋው ነገር ድስት ይመስላል። ሳቅሁ። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው።

መጨረሻው ላይ ግን መርከቧ ሁሉንም መያዝ አቃታት። ልጁ ታናናሾቹን አሳፍሮ እሱ እዚያው ቀረ። አዩብ ሲነግረን ወደ እናቱ ይመለስ የነበረው ልጅ አልተመለሰም!

«ሌላ ፊልም ነው ያመጣኸው» አልኩት።

«እሱው ነው፣ ዙሀራ። ልጁ ድሮም አልተመለሰም። የመለሰው አዩብ ነው።»

ለካስ አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ የመርከቧ በር ሲዘጋ ቪዲዮ ቤቱን በለቅሶ አናግተሽዋል። አዩብ አዝሎሽ ሲወጣ «ገና አላለቀም፤ የቀረውን እኔ እነግርሻለሁ» አለሽ። ጀርባው ላይ እንቅልፍ ሲወስድሽ ወደ ይሄነው ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እንዳይነግሯት! ከነገሯት የቪዲዮ ቤቱን ሽቦ እቆርጥብዎታለሁ!» አለው።

«ገና በአሥር ዓመቱ አስፈራራኝ እኮ!» አለ ይሄነው፤ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠብቆለታል፤ አላህ ይስጠው።

«መጨረሻውን ቆርጠን እንላክላት?» አለኝ። አሰብኩና እምቢ አልኩ። አንድ ጊዜ ቆርጬ ነግሬሽ የሆንሽውን አይቻለሁ። ከወረቀቱ ጋር የላክሁልሽ ፍላሽ ላይ ያለው ሙሉው ነው።

እኔ ሁለት ወር ደበቅሁሽ፤ ብትቀየሚኝ ልክ ነሽ። እሱ ሃያ ዓመት ደብቆሻል፤ እሱን ግን አትቀየሚው። አልሀምዱሊላህ፣ ሰላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ልጅ አኑሮልኛል። አንቺንም ሰጥቶኛል።

ብቻሽን አትዪው። ሲያልቅ ደውዪልኝ። ባትናገሪም ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ።

ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ በሰላም ለዓይኔ ያብቃሽ።

እናትሽ ዙሀራ

ከሱሀይላ ጋር ያለሽ፣ ይህን ስታነብ የምትሰሚ ሁሉ፣ እስላምም ሁኚ ክርስቲያን፣ ለልጄ ለአዩብ ዱዓ አድርጊለት። እዚያ ማዶ ብቻውን እንዳይሆን።