ቤቱስ አለ?

ገዳሪፍ፣ ግንቦት 1977

ታምሬ ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትህ? በካርዱ ፊት የምታየው ቤት የፈረንጅ አገር ነው፤ ጣራው ግን እንደኛ ጎጆ ሾጣጣ ነው። ካርዱ እዚህ መጠለያ ውስጥ የማስተረጉምላት ነርስ ንብረት ነበር፤ አገሯ በፈረንሳይና በጀርመን ድንበር ያለ፣ አልዛስ የሚባል ነው። ትናንት ከቋራ ለመጡት ለእመት ውዴ አሳየቻቸው።

«አያቴ ከዚህ ቤት ሳይወጣ አራት ጊዜ መንግሥት ተለወጠበት። ፈረንሳይ ሲሄድ ጀርመን ይመጣል፤ ጀርመን ሲሄድ ደግሞ ፈረንሳይ» አለች። ተረጎምሁላቸው። እመት ውዴ በዚህ ረሃብ ሁለት ልጅ መንገድ ላይ የቀበሩ ናቸው።

«ቤቱስ አለ?» አሉ።

«አለ፤ ወንድሜ ይኖርበታል።»

እመት ውዴ ወደኔ ዞሩ። «እንግዲያ ምን ሆንሁ ትላለች?»

ይህችን አልተረጎምሁላትም። ካርዱን ግን ለምኜ ወሰድሁት።

እዚህ ሰዉ ሁሉ በዐረብኛው «ተርጁማን»፣ አስተርጓሚው፣ ይለኛል፤ ስሜን የሚያውቅ የለም።

ቦታው አለቀብኝ። እናትህን ሳምልኝ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ። በደጄ ስታልፍ በሩን የዘጋሁበትን እሾህ እይልኝ፤ ምስጥ በልቶት ከሆነ ሌላ ቆርጠህ ዝጋበት። ቤቱ ሰው አለው ይባል።

ይስማው