በአማርኛው ካሴት ላይ ያለው ድምፅ

ሰኞ፣ ጥር 6

ስማኝ ደብተር። ዛሬም ባዶ እጄን ተመለስኩ። የምናገረው እኔ፣ የምትጽፈው የልጄ ሚስት ፋጡማ። በአማርኛ ይሁን ብያታለሁ፤ ካድሬው ቢያገኝህ ያለ አስተርጓሚ ያንብብህ።

ልጄ ጀማል ከቀበሌው በላይ ባለው ከፍተኛ ጽ/ቤት ታስሯል። ጥፋቱ ማስተርጎሙ ነው። አማርኛ ባላጣም፣ በመልካ ጀብዱው የገበሬዎች ጉባኤ ላይ በኦሮምኛ የተናገርኩት እኔ። እሱ ወደ አማርኛ መለሰው። እኔ «እኔ» ስል እሱም «እኔ» ይላል፤ የአስተርጓሚ ወግ ነው። ሁለት ቴፕ ይቀዳ ነበር፤ አንዱ በተናጋሪው ፊት፣ አንዱ በአስተርጓሚው ፊት፣ እሱ ሲናገር ብቻ የሚከፈት። አዲሱ ካድሬ የሰማው የአማርኛውን ብቻ። እዚያ ላይ ያለው የጀማል ድምፅ ነዋ!

ቃሉ የኔ ነው አልኩት። ሳቀ። አባት ለልጁ ይዋሻል አለ። ጉባኤው ላይ የነበሩትም ዛሬ ረሳን ባዮች ሆነዋል። ድምፅህን አምጣ አለኝ። ዓርብ ጀማልን ወደ ሐረር ይወስዱታል።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ቤተ መጻሕፍት። የጉባኤው ካሴቶች እዚያ ናቸው። ኃላፊዋ ወ/ሮ አስቴር መሳቢያ ስባ ካርድ አወጣች። ካርዱ ሦስተኛው ቁም ሣጥን ይላል። ከፈተች። ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተተች። የማርሽ ሙዚቃ! ጡሩምባ ነፋብኝ። ቁም ሣጥኖቹ ቦታ ሲቀይሩ ካርዱ አልተቀየረም ነው የምትለው። ነገ ይምጡ አለች። ነገ ነገ ስትሉ ልጄ ሐረር ይገባል ብዬ ጮህኩባት። አንባቢው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 8። ከቀኑ 9 ሰ.

የአማርኛው ቅጂ ተገኘ። «ጓዶች፣ ማሽላውን ባሻችሁ ዋጋ ከወሰዳችሁ፣ እርሻውንም ኑና እናንተው እረሱት።» ጀማል ነው። ፋጡማ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች።

የኔውስ? ካርድ የለውም። አስቴር ላብ በላብ ሆና ፈለገች። ኋላ ገባት። ካሴቶቹን የደረደረው ሰው ኦሮምኛ አይሰማም፤ ኦሮምኛ የሆነውን ሁሉ ከመሠረተ ትምህርት ካሴቶች ጋር ጨምሮታል። ያ ሣጥን የሚከፈተው ለተመዘገበ ተማሪ ብቻ። ቁልፉ አስተማሪዋ ዘንድ።

እኔ! የመሠረተ ትምህርት መዝጋቢዎቹን ከደጄ በዱላ ያባረርኩ! ፋጡማ ሳቀች። ባሏ ከታሰረ ወዲህ ገና መሳቋ ነው። ትሳቅ አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ተመዘገብኩ። አስተማሪዋ አንዲት ፍሬ ልጅ ናት። «አባባ፣ ዱላውን የት ጣሉት?» አለችኝ። ቤት ነው፣ ላመጣው እችላለሁ አልኳት። ከአሮጊቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። ካልኩ አይቀር ከሁሉም ጮክ ብዬ።

ከዚያ ሣጥኑ ተከፈተ። ፊደል። ስለ ወባ። እንደገና ፊደል። ቀጥሎ ሳል። የኔ ሳል! አስቴር በሩን ዘጋች። መጀመሪያ እኔ፣ ከኋላ በሩቁ ጀማል። ጆሮ ያለው ሁሉ ይለየዋል። ልጄ ዳነ አልኩ።

ፋጡማ ፊቷ ጠቆረ። ይመለስ አለች። ተመለሰ። እኔ «እናንተ ሌቦች» ብዬ ነው የጀመርኩት። ጀማል «ጓዶች» ብሎ አልፎታል። ያን ቀን ጭብጨባው ጆሮዬን ሞልቶት አልሰማሁም።

አስቴር ካሴቱን ከማጫወቻው አወጣች። ካሴቱ ለሰው አይሰጥም፣ ነገ እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ አለች። ፈርታለች። ትመጣለች ግን።

ያው ሐሙስ፣ ከመግሪብ በኋላ

ፋጡማ ብዕሩን ጥላ ነበር። አባ አይሂዱ፣ ይህን ከሰሙ እርስዎን አይለቁም ትላለች። ባልሽን አትፈልጊም ወይ? አልኳት። አለቀሰች። ክፉ ተናገርኩ። እሱንም ጻፊው።

ልጁ ሳልጠይቀው ጋረደኝ። ቃሌን በመለወጡ ተናድጃለሁ። ኮርቼበታለሁም።

ነገ ጠዋት ጽ/ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ነኝ። ካድሬው ኦሮምኛ አይሰማም፣ አስተርጓሚ ይጠራ ይል ይሆናል። ማንም እንዳይጠራ። ጀማል የሸሸጋትን ያቺን ቃል በአማርኛ እኔው እነግረዋለሁ።