በበረኪና ስለ ጸዳው የሸሪፋ የዓሣ ገንዳ

ለተከበሩ አቶ ወንድምአገኘሁ
የሰፈራችን የጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሆጤ፣ ደሴ

አሰላሙ አለይኩም። ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የኮሚቴዎ አባላት ክንድ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ቤታችን እጅግ ንጹሕ ነው፤ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ የሚያቆሽሸውም የለም።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ላደርስ አስቤ ነበር። ሆኖም ኮሚቴው ያደረገልንን በጎ ሥራ በድምፅ ማጉያ ለሰፈሩ ሁሉ ስላስታወቀ፣ ምስጋናውም በአደባባይ ቢደርስዎ ይሻላል ብዬ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ልለጥፈው ወስኛለሁ።

ነገሩን ላልሰሙ ጎረቤቶች ባጭሩ ልንገር። ባለቤቴ ሸሪፋ ግማሽ ጎኗ ሽባ ከሆነ ወዲህ አልጋ ላይ ናት፤ ከስንት ቀን አንዴ አንድ ቃል ቢወጣት ነው። የምታየው ነገር እንዳታጣ ቴሌቪዥን አቆምሁላት፤ መብራቱ ግን ሲመጣ እንግዳ፣ ሲሄድ ባለቤት ሆነ። ስለዚህ ያለ መብራት ራሱን ችሎ የሚኖር ነገር ልሠራላት ተነሣሁ። ከሰኞ ገበያ የአሮጌ ሱቅ መስታወት ገዝቼ ገንዳ ሠራሁ፤ ከሥሩ አፈር፣ ከላዩ የወንዝ አሸዋ አነጠፍሁ። ኮምቦልቻ የሚኖረው ወንድሟ ተውፊቅ ከዥረት የውሃ ሣር፣ ቀንድ አውጣና ትንንሽ ዓሣዎች በጀሪካን አመጣልን።

የመጀመሪያዎቹ ዓሣዎች የደሴን ብርድ አልቻሉም። ሁለተኛዎቹን እኔው ቸኩዬ መድኃኒቱ ባልወጣለት የቧንቧ ውሃ ገደልኋቸው። ከዚያ ወዲያ አልቸኮልሁም። ገንዳውን የጠዋት ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት ሥር አስቀመጥሁት፤ ሲመሽ ቡሉኮዬን አለብሰው ነበር፤ ሣሩ ሥር እስኪሰድ፣ ውሃውም አረንጓዴ እስኪል ድረስ ክረምቱን ሙሉ ያለ ዓሣ ጠበቅሁት። በመጨረሻ ተውፊቅ ሌሎች ዓሣዎች አመጣልን፤ የዓሣው ኩስ ሣሩን መገበ፣ ሣሩ ለዓሣው አየር ሰጠ፣ ቀንድ አውጣው መስታወቱን ላሰ። ሞተር የለው፣ ሶኬት የለው። ሸሪፋም ዓይኗን ከግድግዳው አንሥታ ዓሣዎቹን ትከተል ጀመር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ በወይዘሮ ሊድያ የሚመሩት አባላትዎ እኔ ለዙሁር ሶላት በወጣሁበት ሰዓት በሽተኛ ሊጠይቁ ገብተው፣ አረንጓዴውን ውሃ ሲያዩ “ምስኪን ሽማግሌ፣ ማን ያግዘው!” ብለው ስላዘኑልኝ አመሰግናለሁ። ሐዘናቸው በቃል አልቀረም። ሣሩን ነቅለው፣ አሸዋውን ዝቀው፣ ቀንድ አውጣዎቹን ጠርገው፣ መስታወቱን በበረኪና ፈትገው፣ የቧንቧ ውሃ ሞልተው ዓሣዎቹን በክብር ወደ ቦታቸው መልሰዋል። ከመስጊድ ስመለስ በዕድሜዬ ያላየሁት የጠራ ውሃ ጠበቀኝ፤ ዓሣዎቹም በሚገባ እንዲታዩ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

ሁለተኛ፣ በማግሥቱ በራችን ላይ “ሞዴል ቤት” የሚል ወረቀት ስለ ለጠፉልኝ አመሰግናለሁ። ነቅዬዋለሁ። ደግመው ቢለጥፉት ደግሜ እነቅለዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ጥፋቱ በተነገረዎ ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ካሳ መላክዎ ትልቅነትዎን ያሳያል። ሶኬት ላይ ሲሰካ የሚዋኝ የፕላስቲክ ዓሣ ነው፤ ቀለሙ ያምራል። መብራት ስለሌለ ሲዋኝ ለማየት ገና አልታደልንም። እንደገና ጀምር ለሚሉኝም እንዲህ እላለሁ፦ ተውፊቅ ወርዶ አይቶታል፤ ያ ዥረት የመንገድ ሥራ አፈር ተደፍቶበት ደርቋል። እኔም ሌላ ክረምት ተቀምጬ የምጠብቅበት ዕድሜ እንዳለኝ የነገረኝ የለም።

አራተኛውን የሰማሁት ከራሳቸው ከወይዘሮ ሊድያ ነው፤ ደስ ብሏቸው ነው የነገሩኝ። “ጋሼ ሚስባህ፣ እትዬ ሸሪፋ እኮ ሥራችንን ስታይ እጇን አንሥታ መረቀችን! እኛም አሜን አልን!”

ክቡር ሰብሳቢ፣ ያቺን እጅ ለዱዓ እንኳ ደግፌ የማነሣላት እኔ ነኝ። በዚያች ቀን ብቻዋን አነሣቻት። ተዉ ልትላቸው ነበር። ቃል ስላልወጣት ደግማ አነሣቻት፤ እነሱም ደግመው አሜን አሉ። እንዲህ ያለ ጨዋ ኮሚቴ በየትኛውም ሰፈር እንደማይገኝ እመሰክራለሁ።

ስለዚህ ወደፊት አባላትዎን ሲያሰማሩ፣ አንደበት የሌለው ሰው እጁን ሲያነሣ ከአሜን አስቀድመው ዓይኑን እንዲያዩ ቢያዝዙልኝ እወዳለሁ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ሸሪፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳለች፤ ያንን የሚመልስ ዘመቻ እንደሌለዎ አውቃለሁ።

ከእኔ ደጃፍ በቀር በደረሱበት ደጃፍ ሁሉ ሥራዎ እንዲቃና እየተመኘሁ፣ በማይጎድል አክብሮትና በማይለወጥ ቅሬታ እሰናበትዎታለሁ።

ሚስባህ የሱፍ
የቀድሞው ሞዴል ቤት ባለቤት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለሸሪፋ አነበብሁላት። ከብዙ ቀን በኋላ ቃል ወጣት፤ “አፉ በለው” አለችኝ። እንግዲህ በእሷ በኩል ይቅርታውን አግኝተዋል፤ እንኳን ደስ አለዎ። እኔ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ቃሏን ሰምቼ የኖርሁ ሰው ነኝ። ይህችን አንዷን ግን እንዳልሰማ ሆኜ አልፌአታለሁ።