ከሳጥኑ ያልወጣው ባንዲራ

ልጄ ሰብሌ፣ ቅድስት ማርያም በሰው አገር ጥላ ትሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ገብሱ ዘንድሮ አምሮበታል፣ ላሚቱም ወልዳለች። ጉልበቴን ብቻ ያመኛል። ምሳሽን እየዘለልሽ እንዳትሠሪ።

አጎትሽ ይሄነው ልጁን ሊድር ነው። አባትሽ ኦጋዴን ዘምቶ የማረከውን የሱማሌ ባንዲራ ዳሱ ውስጥ ሰቅዬ ላስፎክርበት ብሎ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አባትሽ ግን ከአንድ ወጣት ሬሳ ላይ እንዳነሳው ነግሮኝ፣ "አደራ፣ እንዳይፎከርበት" ብሎኝ ነበር። አባትሽ ሞቶ በለቅሶው ቀን ከጠመንጃው ጋር አውጥተው ሲያሳዩት ዝም አልሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ግን ዝም አላልሁም።

"የጀግና ሚስት ምርኮ ትደብቃለች እንዴ፣ እትዬ?" አለኝ በሽማግሌዎቹ ፊት።

"ጀግናው ራሱ አጣጥፎ ያኖረውን አንተ ልትዘረጋው ነው?" አልሁት።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሱም እየሳቀ፣ "እጄን ሰጥቻለሁ እትዬ፤ ከሰርጉ ብቻ እንዳትቀሪብኝ" አለ። በአባትሽ ኮራሁ፣ በራሴም ትንሽ።

በሬዲዮ ከመቅደላ የተዘረፈው ይመለስ ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነታቸውን ነው። በእኛም ሳጥን ውስጥ የሰው ነገር አለ። አብራሽ የምትሠራዋን ሱማሌ ባንዲራው ለማን እንደሚሰጥ በትሕትና ጠይቂልኝ። የዚያ ወጣት እናት ብትኖር ከእኔም በላይ አርጅታለች። ለእናቱ ባይደርስ ላገሩ ይድረስ። አጥቤ በነጠላዬ ጠቅልዬዋለሁ፤ ስትመጪ አንቺው ታደርሺዋለሽ።

በሰላም ገብተሽ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ ሸጋዬ
መካነ ሰላም